ባዶ የሚመስለው አልጣሽ

ከመተማ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ በቋራ ወረዳ የሱዳንን ድንበር ታክኮ የሚገኘው አልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ ከ2,600 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል። አውሬ ለማየት እዚህ ቆላ የወረደ ሰው ቀኑን ሙሉ ተንከራትቶ ምንም ሳያይ ቢመለስ፣ «ጫካው ባዶ ነው» ማለቱ አይቀርም። ፍርዱ ግን ችኮላ አለበት። በ2008 ዓ.ም. የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ሐንስ ባወርና ባልደረቦቹ በአልጣሽ ዛፍ ላይ ባሰሯቸው ካሜራዎች አንበሳ ፎቶ እንዳነሱ፣ ዱካውንም እንዳገኙ ይፋ አደረጉ። ዓለም ተደነቀ፤ የቋራ እረኛ ግን በረቱን ከማን ሲጠብቅ እንደኖረ ድሮም ያውቃል። እንዲህ ያለው ካሜራ አንሺ አያሻውም። በፊቱ የሚያልፈው ገላ ከአካባቢው የተለየ ሙቀት ሲኖረው ያንን ለይቶ ራሱ ያነሳል። በቆላው ቀትር፣ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲጠጋ፣ የእንስሳው ገላና ከጀርባው ያለው ሣር ስለሚቀራረቡበት መሣሪያው ይቸገራል። አንበሳውም በዚያ ሰዓት ጥላ ሥር ተጋድሟል። ቀን የሚዞር ጎብኚ ምን ሊያይ ኖሯል?

«ጥቂት ፎቶ ብዛትን አያሳይም» የሚል ተከራካሪ እውነት አለው። በአልጣሽ ከ27 እስከ 54 አንበሳ ይኖራል የተባለው ተቆጥሮ ሳይሆን፣ በየ100 ካሬ ኪሎ ሜትሩ ከ1 እስከ 2 ይገኛል ከሚል መነሻ ተሰልቶ ነው። ስሌቱ ልክ ከሆነ ደግሞ ለአንድ አንበሳ ቢያንስ 50 ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሰዋል፤ በአንድ ቀን ጉዞ አለመገናኘቱ የሚጠበቅ ነው። «ካልታየ ገቢ የለም፤ ታዲያ ሰሊጥ የሚያበቅል መሬት ለምን ይከለላል?» የሚለው ጥያቄ ግን ይከብዳል፤ ለአንበሳ ብሎ ማሳውን የሚተው ገበሬ የለምና። መልሱን በዚሁ ቆላ ከሚበቅለው የዕጣን ዛፍ መፈለግ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ፣ መተማንም ያካተተ ጥናት ተተኪ ዛፍ እንደታጣ፣ ትልልቁም በብዛት እየሞተ እንደሆነ አሳይቷል። ችግኙን ከብት ይግጠዋል፣ የተረፈውን የበጋ እሳት ይለበልበዋል። ከብትና እሳት የማይደርሱበት ሰፊ ቦታ ካልተረፈ፣ ዛሬ ዛፉን እየፋቀ ዕጣን የሚያወጣ ሰው ልጅ የሚፍቀው አያገኝም።

ከድንበሩ ማዶ፣ በሱዳን ያለው ዲንደር ብሔራዊ ፓርክ የተከለለው እ.ኤ.አ. በ1935 ነው፤ ሁለቱ ፓርኮች በጠቅላላው ከ100 እስከ 200 አንበሳ ይኖሯቸዋል ተብሎ ተገምቷል። ግምቱን በቆጠራ ለመተካት ሁለቱንም ወገን በአንድ በጋ ማሰስ ይጠይቃል። ሱዳን በ2015 ዓ.ም. ጦርነት ውስጥ ከገባች ወዲህ ይህ ይበልጥ ርቋል።