የገጠሩ ቄስ ማስታወሻ

ልብ ወለድ የሚያነብ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሻው ፍቅርን፥ ጦርነትን ወይም ጀብዱን ነው። የአንድ ድኻ የገጠር ቄስ ጸሎትና ጭንቀት እንደ ምን አድርጎ አንባቢ ሊያገኝ ይችላል? ፈረንሳዊው ደራሲ ዦርዥ ቤርናኖስ በ1936 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «የገጠር ቄስ ማስታወሻ» በተባለው መጽሐፉ መልሱን ሰጥቶናል።

ቤርናኖስ በ1888 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ተወለደ። ስድስት ልጆች ያሳደገው ይህ ሰው በኢንሹራንስ ኩባንያ ተቆጣጣሪነት በየከተማው እየተዘዋወረ፥ ከሥራው በሚተርፈው ጊዜ ይጽፍ ነበር። በ1934 እ.ኤ.አ. ኑሮ ስለ ከበደው ወደ እስፓኝ ደሴት ወደ ማዮርካ ተሻገረ፤ አብዛኛውን መጽሐፍም የጻፈው በዚያ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ ወጣት ቄስ በሰሜን ፈረንሳይ ወደምትገኝ አንዲት መንደር ይሾማል። ሆዱን ስለሚያመው በወይን ጠጅ ከተነከረ እንጀራ በቀር የሚስማማው የለም፤ የመንደሩ ሰዎች ግን ሰካራም ነው ብለው ያሙታል። ልጇ ሞቶባት በእግዚአብሔር ላይ ያኮረፈችውን የባላባት ሚስት አነጋግሮ ወደ ሰላም ቢመልሳት፥ ሴትዮዋ በዚያው ሌሊት ትሞታለች፤ ሰዉም አስጨንቆ ገደላት ይለዋል። እርሱም በመጨረሻ ክህነቱን በተወ የትምህርት ቤት ጓደኛው ቤት፥ በሊል ከተማ፥ በሆድ ካንሰር ያርፋል።

የፈረንሳይ አካዳሚ በዚያው ዓመት የልብ ወለድ ታላቅ ሽልማቱን ለዚህ መጽሐፍ ሰጠ። ክርክሩ የመጣው ኋላ በፊልም ነው። ዣን ኦራንሽ ያዘጋጀውን የፊልም ጽሑፍ ደራሲው አልተቀበለውም። ቤርናኖስ በ1948 እ.ኤ.አ. ከሞተ በኋላ ሮቤር ብሬሶን የመጽሐፉን ቃል ተከትሎ በ1951 እ.ኤ.አ. ፊልሙን አወጣ። ፍራንሷ ትሩፎም በ1954 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ፥ ለፊልም አይመችም እያሉ የመጽሐፍን ትዕይንት በሌላ የሚተኩትን ጸሐፊዎች ሲነቅፍ ይህንኑ በምስክርነት አቀረበ።

እኛ ከመጽሐፉ የምናተርፈው ምንድር ነው? ቄሱ ማስታወሻውን ሲጽፍ ሥራው ሁሉ ከንቱ የቀረ ይመስለዋል፤ ያጽናናቸውን ሰዎች ቆጥሮ አያውቅም። አንባቢው ግን እርሱ ያላየውን ፍሬ ያያል። ከትምህርት ቤት ወጥቶ ወደ መጀመሪያ ሥራው የሚሄድ ወጣት ምስጋና ባጣ ጊዜ ይህን ቢያስብ ይጠቀማል፤ የሥራን ዋጋ ሁልጊዜ ሠሪው ራሱ አይመዝነውምና።