ስለ ሒሳብ ትምህርት ቅደም ተከተል

ፊደልን ያልለየ ልጅ ንባብ፥ ንባብንም ያላጠራ ልጅ ዳዊት ሊደግም እንደማይችል ሁላችን እናውቃለን። የሒሳብም ትምህርት እንደዚሁ ነው። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የሚሰጡት አልጀብራ፥ ጂኦሜትሪ፥ ትሪጎኖሜትሪና ካልኩለስ ስማቸው ልዩ ልዩ ቢሆንም፥ የኋለኛው በፊተኛው ላይ የቆመ ነው። መሠረታቸው ግን የሚጣለው በመንደር ትምህርት ቤት ነውና፥ መምህራንና ሽማግሌዎች ይህን ሊያስተውሉ ይገባል።

መጀመሪያው ቁጥር ነው። ምሳሌውን ከባሕረ ሐሳብ እንውሰድ። በ2017 ዓመተ ምሕረት ላይ 5500 ቢጨመር 7517 ይሆናል። ይህ ለ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል፤ እርሱም መደብ ይባላል። ከዚህ አንድ ቢቀነስ ወንበሩ 11 ነው። 11 በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲገደፍ 1 ይተርፋል፤ ይህ አበቅቴ ነው። 11 በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲገደፍ 29 ይተርፋል፤ ይህ መጥቅዕ ነው። ሁለቱ ቢደመሩ 30 ይሞላሉ።

እኔ በልጅነቴ ይህን በቃሌ ይዤ አሰላ ነበር፤ ድምሩ በየዓመቱ 30 የሚሆንበትን ምክንያት ግን አላውቅም ነበር። ምክንያቱን ያሳየኝ አልጀብራ ነው። አልጀብራ በቁጥር ፈንታ ፊደል ያቆማል። ወንበሩን «ወ» ብንለው፥ 11ወ እና 19ወ ሲደመሩ 30ወ ይሆናሉ። 30ወ ደግሞ ለ30 ሲገደፍ ትርፍ የለውም፤ ስለዚህ ሁለቱ ትርፎች ተደምረው 30 መሙላት ግድ ሆነባቸው። ወንበሩ አልቦ በሆነ ጊዜም አበቅቴው አልቦ፥ መጥቅዑ 30 ይባላል። ቁጥር የአንዱን ዓመት ነገር ሲናገር፥ አልጀብራ የዓመታትን ሁሉ ይናገራል።

ጂኦሜትሪም እንዲሁ ነው። የአንድ ሜትር በትር ጥላው 2 ሜትር ሲሆን፥ በዚያው ሰዓት ጥላው 20 ሜትር የሆነ ዛፍ ቁመቱ 10 ሜትር ነው። ትሪጎኖሜትሪ ይህንኑ የቁመትና የጥላ ንጽጽር ከማዕዘን ጋራ ያያይዘዋል። ካልኩለስም የሚለዋወጠውን ነገር ፍጥነት ይመረምራል፤ መነሻውም ለውጡን ለጊዜው ማካፈል ነው። እንግዲህ ከታች እስከ ላይ የምታልፈው ክር ክፍልፋይ ናት።

ዳሩ ግን አንድ ልጅ አንድ ሁለተኛና አንድ ሦስተኛ ሲደመሩ ሁለት አምስተኛ ይሆናሉ ብሎ ሳይታረም ያልፋል። 9ኛ ክፍል ሲደርስ አልጀብራው ይጠፋበታል፤ ሰነፍ ይባላል፤ አባቱም «ትምህርት አልሆነለትም» ብሎ ወደ ከብት ጥበቃ ይመልሰዋል። ጥፋቱ ግን የልጁ አልነበረም።

ስለዚህ መምህሩ አንድ ዳቦ በስድስት ይቁረጥለት። ግማሹ ሦስት ቁራሽ፥ ሲሶው ሁለት ቁራሽ ነው፤ ባንድነት ከስድስቱ አምስቱ ይሆናሉ። ሁለት አምስተኛ ከግማሽ እንኳ እንደሚያንስ ልጁ ራሱ አይቶ ይፍረድ። አዲስ ትምህርት ሳይጀመርም የቀደመው ይጠየቅ፤ መልሱ ብቻ ሳይሆን ምክንያቱም ይጠየቅ።

ሽማግሌዎችም ልጁን ከትምህርት ቤት ከማስወጣታቸው በፊት የትኛው ደረጃ እንደ ጎደለው መምህሩን ይጠይቁ። የጎደለችው ደረጃ ከተሞላችለት፥ የቀረውን ልጁ ራሱ ይወጣዋል።