ፈሪ ቡችላን ከገመድ ጋር ማላመድ፤ ከግቢ እስከ ክትባት ጣቢያ

ውሻ በጎጃም ደጋ ከሁሉ በፊት የደጅ ጠባቂ ነው። በደብረ ማርቆስ ከተማም ሆነ ከሉማሜ እስከ አማኑኤል፣ እንዲሁም ወደ ጮቄ ተራራ በሚያወጡት ቀበሌዎች ብዙ ውሻ ቀን በገመድ ወይም በሰንሰለት ታስሮ ይውልና ማታ ይፈታል። ባለቤቱን ተከትሎ ወደ እርሻ ወይም ወደ ግጦሽ ቢወርድ እንኳ የሚከተለው ያለ ገመድ ነው። ስለዚህ በአካባቢያችን የሚያድግ ቡችላ ገመድን የሚያውቀው ከግንድ ጋር አስሮ የሚያስቀር ነገር አድርጎ ነው። ገመድ ከሰው ጋር አብሮ መሄጃም መሆኑን የሚማርበት አጋጣሚ እምብዛም የለውም።

የዚህ ጉድለት ዋጋ የሚታወቀው ውሻው ለእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት በሚፈለግበት ቀን ነው። ባለቤቱ ገመዱን ይጎትታል፤ ውሻው አራት እግሩን ከመሬት ተክሎ ይቆማል። ሲብስበት ይንፈራገጣል፣ የያዘውን እጅ ይነክሳል ወይም ገመዱን በጥሶ ይሸሻል። ባለሙያው መርፌውን እንደያዘ፣ ውሻው ሳይከተብ ይመለሳል። ቤተሰቡን የሚጠብቀው እንስሳ እንዲህ ባለ ምክንያት ለቤተሰቡ ሥጋት ሆኖ ይኖራል።

በመሆኑም ቡችላን በገመድ መምራት የከተሜ ቅንጦት ተደርጎ ሊታይ አይገባውም። በዚህ ጽሑፍ ቡችላ ገመድን ለምን እንደሚፈራ፣ ፍርሃቱ በምን መንገድ እንደሚለዝብና አንድ ቤተሰብ ያለ ልዩ መሣሪያ በግቢው ውስጥ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ለማየት እንሞክራለን።

ፍርሃት በቡችላው አካል ውስጥ

አንድ እንስሳ አደጋ የመጣበት ሲመስለው በአንጎሉ ውስጥ አሚግዳላ የሚባለው ክፍል ማስጠንቀቂያ ያስተላልፋል። ከኩላሊቶቹ በላይ የሚገኙት ዕጢዎችም አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉትን ሆርሞኖች ወደ ደም ይለቃሉ። ልብ በፍጥነት ይመታል፣ ደም ወደ ጡንቻዎች ይጎርፋል፣ የምግብ መፈጨት ተግባር ይቀዘቅዛል። አካሉ በዚህ ጊዜ ከሦስት ነገሮች ለአንዱ ይዘጋጃል፤ ለመሸሽ፣ ባለበት ደርቆ ለመቅረት ወይም ለመዋጋት። ገመድ ከሦስቱ የመጀመሪያውን ይዘጋበታል። መሸሽ ያልቻለ ቡችላ ይደርቃል፤ መድረቁ ካላዳነው ደግሞ ይናከሳል። እኛ እልከኝነት የምንለው ባሕርይ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው።

ቡችላው ከመናከሱ በፊት ፍርሃቱን በምልክት ይናገራል። ጅራቱን በእግሮቹ መካከል ይሸጉጣል፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ያስተኛል፣ ወገቡን ዝቅ ያደርጋል፣ ምግብ ሳያይ ከንፈሩን ይልሳል፣ እንቅልፍ ሳይመጣበት ያዛጋል። ከሁሉ የሚቀለው መለኪያ ግን ምግብ ነው። ቀደም ብለን እንደጠቀስነው በፍርሃት ጊዜ የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል። በመሆኑም የራበው ቡችላ የሚወደውን ቁራሽ ከእጃችን ለመውሰድ እምቢ ካለ፣ የምናስተምረው ነገር ከአቅሙ በላይ እንደሆነ ልንረዳ ይገባል።

ዕድሜ ያለው ድርሻ

አሜሪካውያኑ ተመራማሪዎች ፍሪድማን፣ ኪንግና ኤሊየት እ.ኤ.አ. በ1961 ያሳተሙት ጥናት በዚህ ረገድ ትልቅ ትምህርት ሰጥቷል። ቡችሎች ከእናታቸው ጋር በታጠረ ሜዳ ውስጥ ከሰው ርቀው እንዲያድጉ ተደረገ። ከዚያም በተለያየ ዕድሜ ላይ በቡድን በቡድን እየወጡ ለአንድ ሳምንት ከሰው ጋር እንዲቀራረቡ ሆነ። አንደኛው ቡድን ግን እስከ 14ኛው ሳምንት ድረስ ሰው ሳይቀርበው ቆየ። የዚህ ቡድን ቡችሎች ሰውን እንደ አውሬ የሚሸሹ ሆኑ፤ ከዚያ በኋላ የተደረገላቸው እንክብካቤም ፍርሃታቸውን በቀላሉ ሊያስለቅቃቸው አልቻለም።

ከዚህና ይህን ከመሳሰሉ ጥናቶች የተገኘው መደምደሚያ በግምት ከ3ኛው እስከ 12ኛው ወይም 14ኛው ሳምንት ያለው ጊዜ ቡችላው አዲስ ነገርን ያለ ብዙ ፍርሃት የሚቀበልበት ዕድሜ ነው የሚል ነው። ይህ ጊዜ ሲያልፍ በሩ ፈጽሞ ባይዘጋም እየጠበበ ይሄዳል። ስለዚህ ገመድ፣ የአንገት ማሰሪያ፣ እንግዳ ሰው፣ የባጃጅ ድምፅና የገበያ ጫጫታ ቀስ በቀስ መተዋወቅ ያለባቸው ቡችላው ገና ሳለ ነው። «ሲያድግ ይለምደዋል» ብሎ ማቆየት ቀላሉን ሥራ ወደ ከባድ መለወጥ ነው።

የፓቭሎቭ ታጋይ ውሻ

ሩሲያዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ኢቫን ፓቭሎቭ እ.ኤ.አ. በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘው በምግብ መፈጨት ላይ ባደረገው ምርምር ነው። በቤተ ሙከራው ውሾች በጠፍር ተይዘው በማቆሚያ ላይ ይቆሙ ነበር። አብዛኞቹ ይህን ሲለምዱ አንዱ ውሻ ግን፣ በሌላው ጊዜ ገራም ሆኖ ሳለ፣ ጠፍሩ ሲያርፍበት ይታገልና ለሀጩን ያለማቋረጥ ያዝረበርብ ነበር። ፓቭሎቭ ይህን ጠባይ «የነፃነት ሪፍሌክስ» ብሎ ሰየመው። መፍትሔውም ውሻውን በማቆሚያው ላይ ሲሆን ብቻ መመገብ ነበር። ውሻው መጀመሪያ ጥቂት ብቻ እየበላ ከሳ፤ ውሎ አድሮ ግን ምግቡን በሙሉ መብላት ጀመረ፣ ትግሉም ቆመ። ጠፍሩ የምግብ ምልክት ሆነለት።

ተመሳሳይ ነገር በሰውም ላይ ታይቷል። ሜሪ ከቨር ጆንስ የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ጥንቸል የሚፈራን ፒተር የተባለ ሕፃን ታሪክ አሳትማለች። ሕፃኑ የሚወደውን ምግብ ሲበላ ጥንቸሏ በሩቁ ትቀመጣለች፤ ሳይረበሽ በቆየ ቁጥር ጥቂት ትቀርባለች። በመጨረሻ ሕፃኑ በገዛ እጁ ዳሰሳት።

ከሁለቱ ታሪኮች የምንወስዳቸው ቁም ነገሮች ሁለት ናቸው። አንደኛ፣ የሚፈራው ነገር ከሚወደደው ነገር ጋር ይጣመር። ሁለተኛ፣ የሚፈራው ነገር ፍርሃት በማያስነሣ መጠን ይጀምርና በጥቂቱ ይጨመር። ቡችላን ማስራብ ግን አያስፈልግም፤ ከዕለት ቀለቡ ላይ ጥቂቱን ለትምህርቱ መመደብ ይበቃል። አባቶቻችን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያሉት ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል።

በግቢ ውስጥ የሚሠራ ሥራ

ለሥልጠናው የሚያስፈልገው ለስላሳ የአንገት ማሰሪያ፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር ያህል የሆነ ቀላል ገመድና የተቆራረሰ ምግብ ነው። ማሰሪያውን ከወፍራም ጨርቅ ወይም ከለሰለሰ ቆዳ መሥራት ይቻላል። በማሰሪያውና በአንገቱ መካከል ሁለት ጣት መግባት አለበት። ቡችላ ቶሎ ስለሚያድግ ማሰሪያው በየሳምንቱ ይፈተሽ፤ ካልሰፋ ቆዳ ውስጥ ገብቶ ያቆስላል። ሲጎተት የሚጠብቅ ሸምቀቆ መጠቀም አይገባም። ለምግቡ የሥጋ ቅንጣቢ ቢገኝ መልካም ነው፤ በጾም ወራት ደግሞ ቂጣ ወይም ዳቦ ያገለግላል። እያንዳንዱ ትምህርት ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይሁን፤ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ቢደጋገም ይበቃል።

በመጀመሪያ ማሰሪያው ምግብ ሊቀርብ ሲል ይጠለቃል፣ ምግቡ ሲያልቅ ይወልቃል። ቡችላው ማሰሪያውን ሲያይ ጅራቱን መቁላት ከጀመረ የመጀመሪያው ደረጃ ተፈጽሟል።

በሁለተኛው ደረጃ ገመዱ ከማሰሪያው ጋር ይያያዝና ቡችላው ራሱ እየጎተተው ይንቀሳቀሳል። በዚህ ጊዜ ገመዱ ከእንጨት ወይም ከድንጋይ ጋር ተጠላልፎ እንዳያስደነግጠው ሰው አጠገቡ ይሁን።

በሦስተኛው ደረጃ የገመዱን ጫፍ እናነሣለን፤ ሆኖም የምንመራው እኛ አይደለንም። ቡችላው ወደሄደበት ገመዱን አላልተን እንከተለዋለን። ከዚህ በኋላ አንድ ሁለት እርምጃ ቀድመን ጎንበስ ብለን በስሙ እንጠራዋለን። ሲመጣ በአንድ ወይም በሁለት ሴኮንድ ውስጥ ምግቡን እንሰጠዋለን። ምግቡ ከዘገየ ቡችላው የተሸለመው ለመምጣቱ ይሁን ከመጣ በኋላ ስለ መዝለሉ አይለይም። ሁለት እርምጃ አምስት፣ አምስቱም አሥር ይሆናል።

አራተኛው ደረጃ ከደጅ መውጣት ነው። መጀመሪያ በአጥሩ ዳር፣ ሰው በማይበዛበት ሰዓት ይጀመር። ባጃጅ ወይም ጋሪ ሲመጣ ቡችላው ምግብ ለመብላት እስከሚችልበት ርቀት ድረስ ራቅ ብሎ መቆም ይገባል። ወይፈንን ለእርሻ የሚያለማምድ ገበሬ ከለመደ በሬ ጋር እንደሚጠምደው ሁሉ፣ በቤቱ የተረጋጋና የተከተበ ትልቅ ውሻ ካለ አብሮ ማውጣት ቡችላውን ያደፋፍረዋል። ያልተከተበ ቡችላ ግን ባለቤታቸው ካልታወቀ ውሾች መራቅ አለበት።

አምስተኛው ደረጃ በአብዛኛው የሚረሳው ነው። ቡችላው በገመድ ተይዞ ቆሞ ሳለ አንድ የቤተሰብ አባል ትከሻውንና የኋላ እግሩን ይዳስሰው፣ ቆዳውን በቀስታ ቆንጠጥ ያድርገው፣ ወዲያው ምግብ ይስጠው። ቀጥሎ ጎረቤት ይህንኑ ይሞክር። ይህ የክትባት ቀን ልምምድ ነው።

ሲቆም ምን እናድርግ?

ቡችላው መሐል መንገድ ላይ ተቀምጦ አልሄድም ቢል ብዙዎቻችን የሚቀናን መጎተት ነው። ገመድ ሲጎትተው ሚዛኑን ላለማጣት ወደ ኋላ ይገፋል፤ በጎተትነው መጠን ይተክላል። ከዚህም በላይ አንገቱ ላይ የሚሰማው ሕመም ከገመዱ፣ ከመንገዱና ከእኛ ጋር ይያያዝበታል። መምታትም እንዲሁ ነው። ዱላ ቡችላውን ለጊዜው ሊያንቀሳቅሰው ይችላል፤ ፍርሃቱን ግን ያባብሰዋል። ትክክለኛው ነገር ገመዱን ማላላት፣ ፊትን ዞር አድርጎ ጎንበስ ማለትና መጠበቅ ነው። አንድ እርምጃ ሲራመድ መሸለም፣ በማግስቱም ቀላል ወደሆነው ደረጃ መመለስ ይገባል።

ያደገ ፈሪ ውሻ ያለው ቤተሰብም ተስፋ መቁረጥ የለበትም። ደረጃዎቹ እነዚሁ ናቸው፤ የሚለየው ቀኑ ወደ ሳምንት፣ ሳምንቱ ወደ ወር መርዘሙ ነው። ሰው የነከሰ ልማድ ያለውን ውሻ ግን ሕፃናት እንዲያሠለጥኑት መተው አይገባም።

በሌላ በኩል ፍርሃትንና በሽታን መለየት ያስፈልጋል። ገራም የነበረ ቡችላ በድንገት ጠባዩ ከተለወጠ፣ መዋጥ ካቃተው፣ ድምፁ ከተቀየረ፣ ለሀጩ ከተዝረበረበ ወይም እግሩ ከሰነፈ ሥልጠናውን አቁሞ፣ ሳይነኩ ከሰውና ከእንስሳት አግልሎ የእንስሳት ሐኪም መጥራት ግድ ነው።

ከገመዱ ጀርባ ያለው ቁም ነገር

የእብድ ውሻ በሽታ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1884 በትግራይ፣ በበጌምድር፣ በጎጃምና በወሎ ወረርሽኝ እንደነበረ ተመዝግቧል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በሽታው በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 የሚጠጉ ሰዎችን ይገድላል፤ ወደ ሰው ከሚተላለፈው ውስጥ 99 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከውሻ ነው። በበሽታው ከሚጠረጠሩ እንስሳት ንክሻ ከሚደርስባቸው ሰዎች 40 በመቶው ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ ሞት የማይቀር ነው ማለት ይቻላል።

መከላከያው ግን ከሉዊ ፓስተር ዘመን፣ ከ1885 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በእጃችን አለ። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል ተብሎ ይታመናል። የጅምላ ክትባት ሲካሄድ ከሦስት ወር በታች የሆኑ ቡችሎችም እንዲከተቡ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። ይህ 70 በመቶ የሚሞላው መድኃኒቱ በመኖሩ ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱን ውሻ ከቤቱ አውጥቶ እስከ ጣቢያው የሚያደርስ ሰውና የሚመራ ውሻ ሲኖር ነው።

በሥልጠናው ጊዜ ንክሻ ወይም ጭረት ቢደርስ፣ ቡችላ ነው ብሎ መናቅ አይገባም። ቁስሉን ወዲያውኑ በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ፣ ጊዜ ሳይሰጡ ወደ ጤና ተቋም መሄድ የሕይወት ጉዳይ ነው።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ በቤታችሁ ገና ከእናቱ የተለየ ቡችላ ካለ ጊዜው አሁን ነው። ዛሬ ማታ ፍርፋሪው ሲቀርብለት ማሰሪያውን አጥልቁለት። ክትባት መጥቷል ተብሎ በቀበሌው ሲነገር፣ ያ ቡችላ ገመዱን አይቶ ወደ ጓሮ ይሸሽ ወይም ጅራቱን እየቆላ ወደ ደጅ ይቅደም የሚለውን የሚወስኑት እነዚህ ጥቂት ሳምንታት ናቸው።