አራቱ የጋፋት ተናጋሪዎችና የሕፃን ጆሮ

የጋፋት ስም ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚያስበው መድፉን ነው። ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ወጣ ብላ የምትገኘው ይህች መንደር፣ አፄ ቴዎድሮስ በ1860ዎቹ አውሮፓውያን ባለሙያዎችን አስፍረው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩባት ናት (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ስለ መድፉ ብዙ ስለተጻፈ አልደግመውም። ጋፋት ግን የመንደር ስም ብቻ አይደለም፤ የአንድ ሕዝብና የአንድ ቋንቋም ስም ነው። መድፉ ዛሬም መቅደላ አምባ ላይ አለ፤ ቋንቋው ግን የለም። እንዴት ጠፋ ብሎ የጠየቀ ሰው ፍለጋው ወዳላሰበው ቦታ ይወስደዋል፦ እናቱ ጭን ላይ ወደተቀመጠ የስምንት ወር ልጅ።

ጋፋቶች ከዓባይ በስተደቡብ ከነበረው ከጥንቱ ዳሞት ተነስተው ወንዙን ተሻግረው ጎጃም የሰፈሩ ናቸው። ቋንቋቸው ሴማዊ ሲሆን ከአማርኛ ይልቅ ለክስታኔ ጉራጌ ይቀርባል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር በገባ ጊዜ መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞንን በአገሩ ልዩ ልዩ ቋንቋዎች አስተረጎመ፤ አንዱ ጋፋትኛ ነበር። ጽሑፉ ኦክስፎርድ በሚገኘው ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል። ያኔ ጋፋትኛ የሚያስተረጉሙት ሰው የሚገኝበት ሕያው ቋንቋ ነበር ማለት ነው።

ሰባ ዓመት ያህል ቆይቶ እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ ጎጃምን ሲዞር የጋፋትኛ ቃላት ሰበሰበ፤ ከቃላቱም ጋር አንድ ነገር አስተዋለ። አዲሱ ትውልድ ቋንቋውን አያውቀውም። ሽማግሌዎቹ ይናገሩታል፣ ወጣቶቹ ግን አማርኛ ብቻ ነው የሚናገሩት። ያን ጊዜ የቋንቋው ነገር አልቆለት ነበር፤ የቀረው የቀብሩ ቀን ብቻ ነበር። በ1947 የቋንቋ ሊቁ ቮልፍ ሌስላው ጎጃም ድረስ ሄዶ ተናጋሪ ሲፈልግ ከብዙ ድካም በኋላ ያገኘው አራት ሰው ብቻ ነው። ከእነዚህ ከአራቱ የቀዳው ባይኖር ኖሮ ስለ ጋፋትኛ ዛሬ የምናውቀው ከብሩስ ጽሑፍና ከቢክ ቃላት እምብዛም አይዘልም ነበር።

ጋፋቶች ራሳቸው ግን አልጠፉም፤ ከጎረቤታቸው ጋር ተቀላቅለው አማርኛ ተናጋሪ ሆኑ። ልጆቻቸውም ዲዳ ሆነው አልቀሩም፤ አማርኛውን እንደ ማንኛውም ልጅ ተናገሩት። እኔን ግራ ያጋባኝ ይህ ነው። ትልልቆቹ እርስ በርሳቸው ጋፋትኛ ሲያወሩ ልጁ እዚያው ቤት ውስጥ ነበር። ጆሮው ይሰማል። ታዲያ ለምን አልያዘውም?

መልሱ የተገኘው ከጎጃም ሳይሆን ከካናዳ ነው። በ1984 ጃኔት ዌርከርና ሪቻርድ ቲስ የተባሉ ተመራማሪዎች እንግሊዝኛ በሚነገርበት ቤት የሚያድጉ ሕፃናትን የባዕድ ቋንቋ ድምፅ አሰሟቸው። አንዱ ቋንቋ ሂንዲ ነበር። ሌላው የካናዳ ነባር ሕዝቦች ቋንቋ ሲሆን፣ የተመረጡት ሁለት ድምፆች የእኛን ቀ የሚመስሉ፣ ጉሮሮ ላይ ታግተው ተፈናጥረው የሚወጡ ናቸው፤ ልዩነታቸው አንዱ ከሌላው ጠለቅ ብሎ መነሳቱ ብቻ ነው። አዋቂ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሊለያቸው ይቸገራል። ሕፃኑ ግን ድምፁ ሲለወጥ ዞር ካለ አሻንጉሊት እንደሚያይ ተለማምዷል። ከስድስት እስከ ስምንት ወር የሆናቸው አብዛኞቹ በትክክል ይዞራሉ። ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ወር የሆናቸው ግን ከጥቂቶቹ በቀር ዝም ብለው ይቀመጣሉ። በእነዚያ ቋንቋዎች ያደጉት እኩዮቻቸው ግን በዚያው ዕድሜም መለየታቸውን አላቆሙም።

ልጅ ገና አፉን ሳይፈታ፣ ዓመት ሳይሞላው፣ ጆሮው የቤቱን ቋንቋ መርጦ ሌላውን ችላ ማለት ይጀምራል ማለት ነው። ውጭ አገር ያደገ የኢትዮጵያ ልጅ ቀን ከ፣ ጠን ተ የሚያደርገው ምላሱ ስለሰነፈ አይደለም።

ይህም ቢሆን የጋፋቱን ነገር ሙሉ በሙሉ አይፈታውም፤ ልጁ ድምፁን ይሰማ ነበርና። ቀሪውን የፈታችው ሲያትል የምትገኘው የዋሺንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ፓትሪሺያ ኩል ናት። በ2003 ባሳተመችው ጥናት የዘጠኝ ወር አሜሪካውያን ሕፃናት ቻይንኛ ተናጋሪ ፊታቸው ተቀምጦ መጽሐፍ እያነበበና በአሻንጉሊት እያጫወተ እንዲያነጋግራቸው ተደረገ፤ አሥራ ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው ሃያ አምስት ደቂቃ። ይህችው አጭር ጊዜ የቻይንኛውን ድምፅ ታይዋን ካደጉት እኩዮቻቸው ባልተናነሰ ለይተው እንዲያውቁ አደረገቻቸው። ለሌሎቹ ሕፃናት ያንኑ ሰው፣ ያንኑ ንግግር፣ ለዚያኑ ያህል ጊዜ በቴሌቪዥን አሳየቻቸው። ምንም አልያዙም። ድምፁን ብቻ የሰሙትም እንደዚሁ።

ስልክ ይዞ እንግሊዝኛ ይለምዳል ተብሎ ካርቱን ፊት የተቀመጠ ሕፃን ያለበት ቤት ሁሉ ይህን ቢያስብበት ጥሩ ነው።

በዚያው በ2003 ማይክል ጎልድስታይንና ባልደረቦቹ የስምንት ወር ሕፃናትን ከነእናቶቻቸው አንድ ክፍል ውስጥ አስገቡ። ለግማሾቹ እናቶች ልጁ «ባ» ባለ ቁጥር ወዲያው ፈገግ እንዲሉለት፣ ቀረብ እንዲሉት፣ እንዲነኩት ተነገራቸው። ሌሎቹም ያንኑ ያህል ፈገግ ብለዋል፣ ነክተዋል፤ ግን ልጁ ድምፅ ባወጣበት ቅጽበት አልነበረም። የመጀመሪያዎቹ ልጆች ድምፅ ክፍሉ ውስጥ እያሉ ተሻሻለ፤ ተቆራርጦ የንግግር መልክ ያዘ። የሌሎቹ ግን ባለበት ቀረ። ፈገግታው እኩል ነበር፤ ልዩነቱ ሰዓቱ ላይ ነው። ልጁ የሚፈልገው ላለው ነገር ወዲያው ምላሽ ነው።

እንግዲህ የጋፋት ልጅ ቋንቋውን ያልያዘበት ምክንያት የሚገመት ነው። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበትን ሰማ እንጂ ፊቱን እያየ፣ ለእሱ ብሎ፣ የእሱን «ባ» ተቀብሎ በጋፋትኛ የመለሰለት አልነበረም። ዛሬ ዋሺንግተን ዲሲ ውስጥ ባልና ሚስት በአማርኛ እየተጨዋወቱ ልጁን በእንግሊዝኛ በሚያነጋግሩበት ቤት የሚሆነውም ይኸው ነው። ልጁ አማርኛ ይገባዋል፣ መልሱ ግን እንግሊዝኛ ነው። አማርኛ ያደናግረዋል፣ ንግግሩን ያዘገየዋል የሚለው ስጋት ደግሞ መሠረት የለውም፤ ሕፃናት ሁለት ቋንቋ አብረው ይይዛሉ።

ከጉና ተራራ ሥር ባሉት የደቡብ ጎንደር ቀበሌዎች ሕፃንን ፊት ለፊት ለማነጋገር የሚሆን ሀብት ሞልቷል። ቡና እየተቆላ አያት የልጅ ልጇን ፊቷን አዙራ ስታጫውት፣ ልጁ «ኧ» ሲል «አዎ፣ ምን አልክ? ጀበናው ነው፣ ጀበናው!» ስትለው የጎልድስታይንን ሙከራ ሳታውቀው እየሠራች ነው። እንቆቅልሽ ብሎ ምን አውቅልህ የሚያስብለው ጨዋታም ተራ መቀባበል ነው። በነሐሴ 13 የደብረ ታቦር በዓል፣ በቡሄ፣ ልጆች ሆያ ሆዬ ሲሉ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። አንቀልባ ላይ ያለ ልጅ ግን የእናቱን ጀርባ እንጂ ፊቷን አያገኝም። አንቀልባን እየነቀፍኩ አይደለም፤ ሥራ የበዛባት እናት ሌላ ምን ታድርግ! ሲወርድ ግን ፊት ለፊት የሚያነጋግረው ይፈልጋል። ስክሪን ይህን አይተካለትም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 መመሪያው ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ስክሪን ጨርሶ አይመክርም።

ሁሉም ዝምታ በጨዋታ አይፈታም፤ አንዳንዱ ከኦቲዝም ወይም ከጆሮ ችግር ሊመጣ ይችላል። ዘሚ የኑስ ልጇ ኦቲዝም ያለበት እናት ነበረች፤ በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን መሠረተች። የፊደላችንን ድምፆች ይዛም አቡጊዳ ፎነቲክስ ያለችውን የማስተማሪያ ዘዴ አዘጋጀች። በ2021 አርፋለች።

ስለዚህ «የወንድ ልጅ አፍ ዘግይቶ ነው የሚፈታው፣ አባቱም እንደዚሁ ነበር» እያላችሁ ዓመት አትቁጠሩ። ልጁ በአንድ ዓመቱ ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ በአንድ ዓመት ተኩል አንዲት ቃል የሌለው፣ በሁለት ዓመቱ «እማ ውሃ» ብሎ ሁለት ቃል የማያገናኝ ከሆነ፣ ወይም ጆሮው በየጊዜው መግል የሚፈሰው ከሆነ፣ ወደ ደብረ ታቦር ወይም ወደ ጎንደር ሆስፒታል ውሰዱትና መጀመሪያ ጆሮው ይመርመር።