ከኋላ የሚገፋ መኪና፦ ከዋሽንግተን በረዶ እስከ ደንገጎ ቁልቁለት

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ የድሬ ልጅና የበረዶ ጎማ ምን ያገናኛቸዋል? ይህን ርዕስ ይዤ ክፍል ውስጥ ስነሳ ሳቁ ለጉድ ነበር። «አቦ፣ እኛ በረዶ የምናውቀው ለስላሳ ውስጥ ነው!» ያለኝ ጓደኛዬ እስካሁን ሲያየኝ ይስቃል። እውነቱን ነው። በድሬ ሙቀት ስለ በረዶ መጻፍ ለግመል ዋና እንደማስተማር ሊመስል ይችላል።

ነገሩ ግን የበረዶ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በኋላ እግሩ የሚገፋ መኪና የሚያንሸራትት መንገድ ላይ ሲወጣ ምን እንደሚሆን የማወቅ ጉዳይ ነው። በከተማችን የቀሩት ፔጆዎች፣ ሚኒባሱ፣ አይሱዙው፣ ባጃጁ ሳይቀር የሚሄዱት በኋላ እግራቸው ነው። እኛም በየቀኑ የምንሳፈረው እነሱ ላይ ነው። እኔ ደግሞ ጉዳዩን ከመጽሐፍ አይደለም የጀመርኩት።

ደንገጎ ላይ የሆነው

አባቴ የፔጆ 404 ሾፌር ነው። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ቀን ከሐረማያ ወደ ድሬ አብሬው እየወረድኩ ነበር። መንገዱን የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ ሐረማያ ከባሕር ጠለል በላይ 2000 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ድሬ 1200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ልዩነቱን የሚያወርደን ያ የደንገጎ ጠመዝማዛ ነው።

ብዙ ቀን ዝናብ ጠፍቶ ከርሞ ገና ማካፋት መጀመሩ ነበር። ይህ ጊዜ ከከባድ ዝናብ የባሰ ነው፤ አስፋልቱ ላይ የተጠራቀመው ዘይትና አቧራ ከጥቂት ውሃ ጋር ተላቁጦ እንደ ሳሙና ይሆናል። አባቴ ኩርባው ውስጥ ከገባ በኋላ መኪናው ፈጠነበትና ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ቀየረ። ያን ጊዜ የመኪናው ጀርባ ከኋላችን ሸሸ። ምን ልበላችሁ፣ መኪናው ወደፊት እየሄደ እኔ ገደሉን በጎን መስኮት አየሁት። የመንገዱ ዳር የተደረደረ ድንጋይ የኋላ እግሩን ያዘውና ቆምን። ቸርኬው ተጣመመ፣ እኛ ተረፍን። አባቴ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና «ለእናትህ እንዳትነግራት» አለኝ። (ይኸው ዛሬ በጽሑፍ ነገርኳት።)

ለዓመታት የገረመኝ አንድ ነገር ነበር። አባቴ ጥንቁቅ ሾፌር ነው። «ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ» የሚለውን ሕግ ያስተማረኝ እሱ ነው። ያደረገውም ይህንኑ ነበር። ታዲያ ምን ተሳሳተ? መልሱን ያገኘሁት በረዶ ላይ መንዳት ከተማረ ሰው ነው።

አጎቴና የፖሊስ አሮጌ መኪና

የአባቴ ታናሽ ወንድም እንደ ብዙ ወገኖቻችን ዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ ይነዳ ነበር። እዚያ የገባው እ.ኤ.አ. በ2008 ሲሆን የመጀመሪያ መኪናው ቀድሞ የፖሊስ የነበረ ፎርድ ክራውን ቪክቶሪያ ነው። ይህ መኪና እ.ኤ.አ. በ2011 መመረቱ እስኪቆም ድረስ በአሜሪካ የፖሊስና የታክሲ መኪና ሆኖ የኖረ፣ ትልቅ ሞተር ከፊት ያለውና በኋላ እግሩ የሚገፋ ነው። አጎቴ ሲያወራ «ፔጆው ውፍረት ጨምሮ አሜሪካ የጠበቀኝ ነው የመሰለኝ» ይላል።

እ.ኤ.አ. የካቲት 5 ቀን 2010 ከሰዓት በኋላ በረዶ መጣል ጀመረ። እስከ ማግሥቱ ድረስ የእኛ አየር መንገድ አውሮፕላን በሚያርፍበት በደላስ አየር ማረፊያ 82 ሳ.ሜ.፣ ለከተማው በሚቀርበው በሬገን አየር ማረፊያ 45 ሳ.ሜ. ያህል ተከመረ። አጎቴ ገና ሲጀምር አንድ ተሳፋሪ ጭኖ የ13ኛውን መንገድ ዳገት ሊወጣ ሞከረ። ከዳገቱ ግርጌ ትንሽ ራቅ ብሎ የሐበሻ ምግብ ቤቶች የተደረደሩበት ሠፈር አለ። መኪናው ግማሽ መንገድ ሳይደርስ የኋላ እግሩ ባዶውን ይሽከረከር ጀመር። ነዳጅ ሲጨምር ጀርባው ወደ ጎን ሄደ፤ ነዳጁን ሲለቅ መኪናው ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ተሳፋሪው ሒሳቡን ከፍሎ በእግሩ ሄደ።

ለምን እንቢ አለ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎማ መንገድን የሚይዘው ሁለት ነገር ሲሟላለት ነው፤ አንዱ ከላይ የሚጫነው ክብደት፣ ሌላው በጎማውና በመንገዱ መካከል ያለው የመያያዝ ኃይል። ሞተሩ ከፊት ሆኖ በኋላ እግሩ የሚገፋ ባዶ መኪና፣ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚያርፈው በማይገፉት የፊት እግሮች ላይ ነው። የሚሠራው እግር ቀላል፣ የማይሠራው ከባድ ሆነ ማለት ነው። ሞተሩ ከፊት ሆኖ በፊት እግሩ የሚጎትት መኪና በረዶ ላይ ሲነሣ የማይቸገረው ክብደቱ በሚሠራው እግር ላይ ስለሚያርፍ ነው።

በረዶው ሁለተኛውን ነገር ይወስዳል። ባዶውን የሚሽከረከር ጎማ ሥሩ ያለውን በረዶ እየጠቀጠቀና እያሟሟ ወደ መስታወት ይለውጠዋል። ስለዚህ ነዳጅ በጨመርክ ቁጥር ለራስህ የባሰ መንገድ ትሠራለህ። ይህ ለእኛ አዲስ አይደለም። የደቻቱን አሸዋ በበጋ በመኪና ያቋረጠ ሰው ያውቀዋል፤ ነዳጅ የረገጠ ይቀበራል፣ በሁለተኛ ማርሽ በዝግታ የተነሣ ይሻገራል። በረዶም ላይ ሕጉ ይኸው ነው። ከፍ ባለ ማርሽ፣ ቀስ ብሎ፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ መነሣት። (ደቻቱ ላይ ይህ የሚሠራው ወንዙ ደረቅ ሲሆን ብቻ ነው። ሐምሌ መጨረሻ 1998 ዓ.ም. በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ጨርሷል። ውሃ ሲመጣ የማርሽ ብልሃት የለም፤ አለመግባት ነው።)

በዚያን ቀን አጎቴን ያዳነው ሌላ ሐበሻ ታክሲ ነጂ ነው። ከራሱ መኪና ሁለት ከረጢት አሸዋ አውጥቶ አጎቴ የኋላ ኮፈን ውስጥ፣ ልክ ከኋላ እግሮቹ በላይ ጫነለት። ከሦስተኛው ከረጢት ደግሞ ጎማዎቹ ሥር በተነለት። አጎቴ ይህን ሲተርክ ሁልጊዜ ይስቃል፤ «የደቻቱን አሸዋ ሸሽቼ ሄጄ አሜሪካ ላይ አሸዋ በገንዘቤ ገዛሁ» ይላል።

የበረዶ ጎማ ምንድን ነው?

አሸዋው ለጊዜው ረዳው እንጂ መፍትሔው ጎማ ነበር። የበረዶ ጎማ ጥርሱ የተለየ ብቻ ይመስለን ይሆናል። ዋናው ልዩነት ግን ጎማው የተሠራበት ላስቲክ ነው። የተለመደው የበጋ ጎማ ቅዝቃዜው ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲወርድ እየደረቀ ይሄዳል፤ የደረቀ ላስቲክ ደግሞ መንገዱን አይጨብጥም። የበረዶ ጎማ ላስቲክ በዚያ ብርድ ለስላሳ ሆኖ ይቆያል። በዚህ ላይ ጥርሶቹ በብዙ ቀጫጭን ስንጥቆች የተተለተሉ ናቸው። እያንዳንዱ ስንጥቅ ጠርዝ አለው፤ ጠርዙ በረዶውን ይነክሳል። ጥልቅ የሆኑት ቦዮች ደግሞ በረዶውን ይሞላሉ። በረዶ ከላስቲክ ይልቅ ከራሱ ከበረዶ ጋር ስለሚያያዝ ይህ እንደ ጥቅም ይቆጠራል።

እውነተኛው የበረዶ ጎማ ጎኑ ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና በውስጡ የበረዶ ኮከብ ምልክት አለው። ጥርሱ ከ4 ሚ.ሜ. በታች ሲሆን በብዙ አገር ሕግ ገና ባይወገድም ለበረዶ ግን አይታመንም። የካናዳዋ ኩቤክ እ.ኤ.አ. ከ2008 ክረምት ጀምሮ ይህን ጎማ በሕግ አስገድዳለች። ወደ እኛ ሙቀት ቢመጣ ግን ለስላሳው ላስቲክ በአስፋልታችን ላይ ቶሎ ያልቃል፤ ፍሬን ሲያዝም ይዋዥቃል። ጎማ እንደ ልብስ ነው፤ የአገሩን አየር ይፈልጋል።

ሁለት ወይስ አራት?

በቀጣዩ ክረምት አጎቴ ሁለት የበረዶ ጎማ ገዛ። «የሚገፋው የኋላው ነው፣ ለምን ለአራት እከፍላለሁ?» ብሎ አሰበ። ሒሳቡ ትክክል ይመስላል። እውነትም ያ ያስቸገረው ዳገት ለመኪናው ምንም አልመሰለውም። በሦስተኛው ቀን ግን ቀይ መብራት ላይ ፍሬን ያዘ፣ መሪ አዞረ፣ መኪናው ግን እንዳልሰማ ቀጥ ብሎ መስቀለኛውን አቋረጠ። ከጎን የሚመጣ መኪና አለመኖሩ እግዜር ያወቀለት ነው።

ከዚያ ወዲህ አጎቴ አንድ አባባል አለው፦ «ጎማ ሦስት ሥራ አለው፤ መሄድ፣ መታጠፍ፣ መቆም። የሚገፉት ሁለቱ ናቸው፤ ለመታጠፍና ለመቆም ግን አራቱም ይሠራሉ።» ፍሬን ሲያዝ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ስለሚያጋድል የማቆሙ ሥራ በአብዛኛው የፊት እግሮች ነው። የኋላው ብቻ የበረዶ ጎማ ከሆነ መኪናው እንደ ልቡ ይሄዳል፣ እንደ ልቡ ግን አይቆምም።

መቆም ምን ያህል እንደሚከብድ በቁጥር እንየው። በሰዓት 50 ኪ.ሜ. የሚሄድ መኪና ደረቅ አስፋልት ላይ ፍሬን ከተያዘ በኋላ በ12 ሜትር ገደማ ይቆማል። የመያያዝ ኃይሉ ከደረቁ ሩብ በሆነበት የተጠቀጠቀ በረዶ ላይ ይህ ወደ 49 ሜትር ያድጋል። እንደ መስታወት በረጋ በረዶ ላይ ደግሞ 100 ሜትር ሊጠጋ ይችላል። ጥሩ ጎማ ይህን ርቀት ያሳጥራል እንጂ ወደ 12 አይመልሰውም። ስለዚህ ከበረዶ ጎማም በፊት መፍትሔው ፍጥነት መቀነስና ከፊት ካለው መኪና መራቅ ነው።

ጀርባው ሲሸሽ

በኋላ እግር የሚገፋ መኪና ኩርባ ላይ ነዳጅ ሲበዛበት ጀርባው ወደ ውጭ ይሸሻል። ያን ጊዜ እግራችን የሚሮጠው ወደ ፍሬን ነው፤ ጉዳቱም እዚያ ላይ ነው። ፍሬን ክብደቱን ወደ ፊት ገፍቶ የኋላውን ይበልጥ ያቀለዋል። መደረግ ያለበት ነዳጁን በቀስታ ለቅቆ መሪውን ጀርባው ወደ ሸሸበት አቅጣጫ ማዞር ነው፤ ጀርባው ወደ ቀኝ ከሸሸ መሪው ወደ ቀኝ። ዓይን ደግሞ ገደሉን ሳይሆን መሄድ የምንፈልግበትን ይመልከት፤ እጅ ዓይንን ይከተላልና።

አሁን የአባቴን ጥያቄ መመለስ እንችላለን። ማርሽ ቀንሶ በሞተር መያዝ ራሱ ፍሬን ነው። በኋላ እግሩ በሚገፋ መኪና ግን ይህ ፍሬን የሚይዘው የኋላ እግሮችን ብቻ ነው። ቁልቁለት ላይ ክብደቱ ወደ ፊት ስላጋደለ እነሱ ቀለዋል፤ ኩርባ ላይ ደግሞ መኪናውን በጎን የመያዝ ሥራ ላይ ናቸው። በዚያ መሐል ማርሽ በድንገት መቀነስ የእጅ ፍሬን ከመሳብ ብዙ አይለይም። አባቴ የያዘው ሕግ ትክክል ነበር፤ የተሳሳተው ቦታው ነው። ማርሹ የሚቀነሰው ከኩርባው በፊት፣ መኪናው ቀጥ ብሎ ሳለ ነው።

መኪናውንም አንውቀስ። ፔጆ 404 እ.ኤ.አ. በ1963፣ በ1966፣ በ1967ና በ1968 በምሥራቅ አፍሪካ የሳፋሪ ራሊ አሸንፏል። ያንን ሁሉ ጭቃ ያለፈው በኋላ እግሩ ነው።

ሁለት አዲስ ጎማ

ባለፈው ዓመት አጎቴ ለዕረፍት መጣ። አባቴ ሁለት አዲስ ጎማ ገዝቶ ፊት አስገጥሟል፤ ሊሾ ሊሆኑ የደረሱት ከኋላ ናቸው። ብዙ ሾፌር የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ የፊት ጎማ ቢፈነዳ መሪ ይጠፋል ተብሎ ስለሚፈራ።

«ጋሼ፣ እነዚህን ወደ ኋላ አዙራቸው» አለው አጎቴ።

«አቦ ተወኝ! እኔን ልትነዳ ታስተምረኛለህ? መሪ ነው ነፍስ።»

«ፊቱ ቢንሸራተት መኪናው ቀጥ ይላል፤ ነዳጅ ትለቃለህ፣ ይመለስልሃል። ጀርባው ከሸሸ ግን ትዞራለህ። አንተ ደግሞ አንዴ ዞረሃል።»

አባቴ ዞር ብሎ እኔን አየኝ። ለእናቴ ባልነግራትም ለአጎቴ መንገሬ ያን ጊዜ ታወቀብኝ። የጎማ ባለሙያዎችም የሚመክሩት አጎቴ ያለውን ነው፤ ሁለት ብቻ ከተገዛ የተሻለው ወደ ኋላ፣ መኪናው በየትኛውም እግሩ ቢነዳ። ሊሾ የሆነው ጎማ ግን ከፊትም ከኋላም መወገድ አለበት፤ ቦታ መቀየር ጎማን አዲስ አያደርግም።

አባቴ በዚያን ቀን እሺ አላለም። አጎቴ ከተመለሰ ሳምንት በኋላ ግን ከትምህርት ስወጣ ፔጆው ጎሚስታው ጋ ክሪክ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ልጁ አዲሶቹን ጎማዎች ከፊት ፈትቶ ወደ ኋላ እያንከባለለ ነበር። አባቴ ሲያየኝ «ጎማ ሲዟዟር ዕድሜው ይረዝማል ብዬ ነው» አለኝ። እኔም እሺ አልኩት።

ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ ነገ ደንገጎን ስትወርዱ ከመሳፈራችሁ በፊት የኋላ ጎማውን ጎንበስ ብላችሁ እዩት። ሾፌሩ ቢቆጣም ይቆጣ። ለዛሬ በዚህ ይብቃኝ፤ መልካም መንገድ!