የነገረ መለኮት ዲግሪ ማን ይመዝነው?

ከመገናኛ በገርጂ በኩል ወደ ቦሌ የሚያልፍ ሰው የጉባኤ ማስታወቂያ አያጣም። በአጥር ቆርቆሮ፣ በሕንፃ ላይ በተሰቀለ ሸራ፣ በሚኒባስ የኋላ መስታወት ላይ የአገልጋዩ ፎቶግራፍ፣ ቀኑ፣ ሰዓቱና አዳራሹ ተለጥፎ ይታያል። ከስሙ በፊት የሚመጣው ማዕረግ ግን ከዓመት ዓመት እየረዘመ ሄዷል። ዱሮ «ወንድም» ወይም «መጋቢ» ይበቃ ነበር፤ ዛሬ «ሐዋርያ ዶክተር»፣ «ነቢይ ዶክተር» ማለት ተለምዷል። በኦርቶዶክሱ ወገንም ቢሆን፣ ሐዲሳትን ጠንቅቆ ወንበር ለዘረጋ መምህር ይሰጥ የነበረው ማዕረግ ወንበር ላልዘረጋውም ሲታደል እያየን ነው።

ከእነዚህ ዶክተሮች መካከል ዓመታት ተቀምጦ ግሪክኛና ዕብራይስጥ የተማረ፣ የመመረቂያ ጽሑፉን በፈታኞች ፊት ቆሞ የተከራከረ አለ። በጥቂት ቀን ሥልጠናና በክፍያ ማዕረጉን ያገኘም አለ። አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው ምእመን ሁለቱን የሚለይበት ሚዛን የለውም። ጉዳዩ የክብር ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላነሣሁት ነበር። ነገር ግን እነዚህ ሰዎች ለታመመ ሰው መድኃኒትህን ውሰድ ወይም ተው ይላሉ፤ ባልና ሚስት ያስታርቃሉ፤ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ሞት፣ ስለ ጎረቤት ሃይማኖት ያስተምራሉ። ሳይማር የሚያስተምር ሰው ጉዳቱ ለራሱ ብቻ አይቀርም፤ የሰው ቤት ያፈርሳል።

ታዲያ የክርስትና ነገረ መለኮትን ከፍተኛ ትምህርት በአገራችን ማን ይመዝናል? የመጀመሪያው መልስ «መንግሥት አይመዝንም» የሚል ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥትንና ሃይማኖትን ለያይቷል፤ አንቀጽ 27 አማኞች የሃይማኖት ትምህርት ተቋም እንዲያቋቁሙ ፈቅዷል፤ አንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህል ተጽእኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ አዝዟል። ሦስቱን አንድ ላይ ላነበበ ሰው ውጤቱ ግልጽ ነው፤ ኮሌጁን መክፈት ይቻላል፤ የሚሰጠው የነገረ መለኮት ማስተርስ ግን የሌላው ዲግሪ በሚመዘንበት ሚዛን ላይ አይወጣም።

ብዙ ምሩቃን በዚህ ያዝናሉ፤ ሐዘናቸውም ይገባኛል። ሆኖም መንግሥት መዛኝ ይሁን ከሚሉት ጋር አልስማማም። አንድ ጊዜ መንግሥት ነገረ መለኮትን መዝኗል። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ወሎ፣ ቦሩ ሜዳ ላይ ሊቃውንቱን ሰብስበው አከራከሩ። ሁለት ልደት የሚለው ወገን ረታ ተባለ፤ ሦስት ልደት የሚለው ትምህርት በንጉሥ ቃል ተከለከለ፤ በዚያው ሰሞን የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ። ከዚያ ጉባኤ የተረፈው ቁስል ለትውልድ የሚተርፍ ነበር። የመንግሥት ባለሙያ የክርስቶስን ባሕርይ የሚያብራራ ጥናት አንብቦ «አልፏል» ወይም «ወድቋል» የሚልበትን ቀን ማንም ሊመኘው አይገባም።

መንግሥት ካልመዘነ ግን ሌላ መዛኝ ያስፈልጋል። አገራችን ደግሞ ለዚህ ባዳ አይደለችም፤ የራሷ የከፍተኛ ትምህርት ሚዛን ነበራት፣ ዛሬም አላት።

የአብነት ተማሪ ከንባብ ቤት ተነሥቶ በዜማ ቤትና በቅኔ ቤት አልፎ መጻሕፍት ቤት ሲደርስ፣ ዛሬ ድኅረ ምረቃ የምንለውን ጀመረ ማለት ነው። ጉባኤዎቹ አራት ናቸው፦ ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንትና መነኮሳት። ለቅኔ ዋሸራና ጎንጅ፣ ለድጓ ቤተ ልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ፣ ለአቋቋምና ለመጻሕፍት ጎንደር እየተባለ ተማሪው አገር ያቋርጣል፤ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ በየደጁ ለምኖ ይማራል። ጉባኤው ሲዘረጋ አንዱ ተማሪ ከመምህሩ ፊት መጽሐፉን ይዞ ግእዙን ያነባል። መምህሩ ከቃሉ ቀጥተኛ ፍች ይነሣሉ፤ ቀጥለው «አንድም» እያሉ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ፍች ያወርዳሉ፤ ታሪኩን ያመጣሉ፤ የሚጋጭ የሚመስለውን ጥቅስ ጠቅሰው ያስታርቃሉ። ሌሎቹ ዙሪያውን መሬት ላይ ተቀምጠው ያዳምጣሉ፤ ወደ ጎጇቸው ሲመለሱ የሰሙትን አንዲት ቃል ሳያዛንፉ እርስ በርስ ይደጋግሙታል። በዚህ ሁኔታ ዓመታት ያልፋሉ። መጨረሻ ላይ መምህሩ ተማሪውን ፈትነው ያስመሰክሩታል፤ እሱም በተራው ወንበር ይዘረጋል።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ አስመሳይ ብዙ ርቀት አይሄድም። እንግዳ መምህር ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ከማን ተማሩ?» ተብሎ ነው። የመምህሩ ስም ከተጠራ፣ የመምህሩ መምህርም ይታወቃል፤ ሐረጉ ወደ ላይ ይቆጠራል። ዐዋቂ በተሰበሰበበት ቅኔ ሲቀኝ ወይም አንድ ጥቅስ ሲተረጉም ደግሞ ያለ ወረቀት ይለያል።

ጉድለት የለውም ማለቴ አይደለም። ሥርዓቱ የሚመዝነው በዋናነት የተቀበሉትን ሳያጎድሉ ማስተላለፍን ነው፤ ትርጓሜው መቼ፣ በማን፣ ከየትኛው ምንጭ ተነሥቶ ተሠራ የሚለውን ጥያቄ ለሌላ ሰው ይተዋል። ሴቶችንም ከሞላ ጎደል ደጅ አስቀርቷል፤ ዐይናቸው ሳያይ በጎጃም ቅኔ ያስተማሩት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ስማቸው ሁልጊዜ ብቻውን የሚጠራው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው መንገድ፣ የኮሌጁ መንገድ፣ ከዚህ ጎን የበቀለ ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ አራት ኪሎ ላይ የተከፈተው የቅድስት ሥላሴ ትምህርት ቤት ወደ ኮሌጅ አድጎ፣ በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት የዩኒቨርሲቲው አካል ሆነ። ያኔ ነገረ መለኮት ከሕግና ከምህንድስና ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ነበር። ደርግ ዘጋው። ኮሌጁ ዳግም በሩን የከፈተው በ1980ዎቹ አጋማሽ በፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ዘመን ነው፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ተብሏል።

የአቡነ ጳውሎስ ሐውልት በሐምሌ 2002 ዓ.ም. ቦሌ መድኃኔ ዓለም ሲቆም ብዙ እንዳነጋገረ ይታወሳል። እኔን ከዚያ ክርክር ይበልጥ የሚስበኝ የሰውየው የትምህርት ታሪክ ነው። ከሥላሴ ኮሌጅ ወደ ኒው ዮርኩ ቅዱስ ቭላድሚር ሴሚናሪ፣ ከዚያም ወደ ፕሪንስተን ሄዱ፤ ትምህርታቸውን አቋርጠው ተመለሱ፤ ጳጳስ ሆነው በደርግ ለዓመታት ታሰሩ፤ ሲፈቱ ፕሪንስተን ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ1988 ዶክትሬታቸውን ጨረሱ። ጥናታቸው ስለ ፍልሰታ በዓልና ቤተ ክርስቲያኒቱ ስለ እመቤታችን ስለምታስተምረው ትምህርት ነበር። የቦሌ እናቶች በየነሐሴው የሚጾሙለትን በዓል አንድ ኢትዮጵያዊ በእንግሊዝኛ ጽፎ ለአሜሪካ ፈታኞች አቀረበ። የሚያስወቅስ አይደለም፤ በጊዜው በአገር ውስጥ የሚመረምረው የዶክትሬት ጉባኤ አልነበረም።

በወንጌላውያኑም በኩል መንገዱ ወደ ውጭ ነበር። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሚኒሶታ ሉተር ሴሚናሪ ተምረው ተመለሱ፤ ከአገር እንዲወጡ ቢለመኑም እምቢ ብለው፣ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተገደሉ። ቤተ ክርስቲያናቸው ከዚያ ቀደም ብላ ሴሚናሪ ከፍታ ነበር። በደርግ ጊዜ በርካታ አጥቢያዎች ተዘግተው በየቤቱ የሚሰበሰበው ሕዝብ ግን በረከተ። በ1987ቱ ቆጠራ ከአገሪቱ ሕዝብ 10 ከመቶ ገደማ የነበረው ፕሮቴስታንት፣ በ1999ኙ ቆጠራ 18.6 ከመቶ ደርሶ ተገኘ። ይህን ያህል ሕዝብ የሚያስተምር ሰው ከየት ይምጣ? እ.ኤ.አ. በ1997 የኢትዮጵያ ድኅረ ምረቃ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው ለዚህ ጥያቄ መልስ እንዲሆን ነው። ዓላማው መምህራኑን በአገራቸው ማስተማር ነበር፤ ሰው ቤተሰቡን ሳይበትን፣ አጥቢያውን ሳይተው ማስተርሱን እንዲይዝ። እውቅናውን የሚያገኘው ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ በአፍሪካ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤቶችን ከሚመዝነው ከአክቲያ ነው። አክቲያ የቤተ መጻሕፍቱን ይዞታ፣ የመምህራኑን ብቃትና የፈተናውን ጥራት ይመረምራል። ይህ እውነተኛ ሚዛን ነው፤ ችግሩ ቦሌ ላይ ሸራውን የሚያነበው ሰው ስሙን ሰምቶት አለማወቁ ነው።

እዚህ ላይ ነው ዋናው ቅሬታዬ የሚነሣው። ሁለቱ መንገዶች አጠገብ ለአጠገብ እየሄዱ አይነጋገሩም። በወንጌላውያኑ ተቋማት ግሪክኛና ዕብራይስጥ ትልቁን ሰዓት ይወስዳሉ፤ ግእዝ የእነሱን ያህል አያገኝም። ዓለም ደግሞ በተቃራኒው ይሄዳል። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የተረፈው በግእዝ ብቻ ነው። ጄምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ ከወሰደ ወዲህ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበረውን የአይሁድ እምነት የሚያጠና ሰው ኦክስፎርድም ይሁን ቱቢንገን ተቀምጦ ግእዝ ይቆጥራል። የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቱን የመሩት ዶ/ር ደስታ ሄሊሶ በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ የሠሩትና እ.ኤ.አ. በ2007 በጀርመን የታተመው ጥናታቸው የሮሜን መልእክት ከዚያው ዘመን ጽሑፎች ጋር የሚያነብ ነው። በተቋሙ ውስጥ ለጥንታዊ ክርስትናና ለኢትዮጵያ ጥናት ማዕከል መቋቋሙም መንገዱን የተረዳ ሰው እንዳለ ያሳያል።

አንድምታችንንስ ለዓለም ያስተዋወቀው ማን ነው? ሮጀር ካውሊ የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ ነው። ኢትዮጵያ ኖሮ፣ አማርኛና ግእዝ ተምሮ፣ ከሊቃውንቱ እግር ሥር ተቀምጦ የጻፋቸውን ሁለት መጻሕፍት ካምብሪጅ እ.ኤ.አ. በ1983ና በ1988 አተማቸው። ካውሊን አከብራለሁ፤ ትጋቱ የሚደንቅ ነው። ግን ዛሬ አዲስ አበባ ላይ ስለ አንድምታ የሚጽፍ ተማሪ በአንድ ቀን መንገድ የሚገኘውን ጉባኤ ቤት ትቶ ካውሊን ሲጠቅስ ሳይ ደስ አይለኝም።

ሁለቱን መንገድ በአንድ ሰውነት ያስታረቁ አልጠፉም። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በካይሮ ነገረ መለኮት፣ በቱቢንገን የሴም ቋንቋዎችን ተምረው፣ በጥይት ተመትተው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ከቀሩ በኋላ በሚኒሶታ ኮሌጅቪል ተቀምጠው የብራና መጻሕፍቶቻችንን አንድ በአንድ ዘርዝረው አለፉ። ለዚህ ዝርዝር መሠረት የሆነው፣ ከ9,000 በላይ የብራና መጻሕፍት የተነሡበት የማይክሮፊልም ሥራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1973 በቤተ ክርስቲያኒቱ፣ በመንግሥትና በአሜሪካ ተቋማት ትብብር ነው። ዛሬ ብዙው ክፍል በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ይነበባል። ጉርድ ሾላ ወይም ሲኤምሲ የተቀመጠ ተማሪ ስልኩ ላይ ከፍቶ ሊያየው ይችላል፤ የሚጎድለው የሚያስነብበው አማካሪ ነው።

ብልህ የአብነት ተማሪዎች ይህን ክፍተት አይተው ሌላ መውጫ አግኝተዋል። ስድስት ኪሎ ባለው የፊሎሎጂ ትምህርት ክፍል ገብተው አንድ የብራና መጽሐፍ ከየቅጂው አስተያይተው ያዘጋጁና ማስተርስና ዶክትሬት ይይዛሉ። ዲግሪው መንግሥት የሚያውቀው ነው፤ ደመወዝ ያስቆርጣል። ጥሩ ሥራ ነው፤ ግን በፊሎሎጂ ጽሑፉ ምን ይላል ተብሎ ይጠየቃል እንጂ የሚለው እውነት ነወይ፣ ዛሬ ለሚያምነው ሰውስ ምን ይጠቅመዋል ተብሎ አይጠየቅም። ነገረ መለኮት ያለዚያ ጥያቄ ነገረ መለኮት አይደለም።

ወደ ኮሌጆቹ ቤተ መጻሕፍት ጎራ ያለ ሰው ጥቁር ጠንካራ ሽፋን ያላቸው፣ ጀርባቸው ላይ በወርቅማ ቀለም ስምና ዓመተ ምሕረት የተጻፈባቸው የመመረቂያ ጽሑፎች ተደርድረው ያገኛል። ርዕሳቸውን ሳነብ ልቤ ይሞቃል፦ ስለ ለቅሶ፣ ስለ ዕቁብና ዕድር፣ ስለ አጋንንት ማውጣት፣ ስለ ብልጽግና ስብከት፣ ስለ ወጣቶችና ሥራ ማጣት። ቦሌ ላይ የሚንገላታው ምእመን የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ግን ብዙዎቹ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው፤ አማካሪውና ፈታኙ አንብበው መደርደሪያ ላይ ወጡ። ስለ ዕድር የተጻፈውን የዕድሩ ዳኛ አያነበውም። ቀን ቢሮ ውሎ ማታ ትምህርት ቤት የሚገባ፣ ከክፍል ወጥቶ በመገናኛ የታክሲ ሰልፍ ቆሞ ወደ አያት የሚሳፈር ሰው ዓመታት የደከመበት ሥራ ነው እንዲህ የሚቀረው።

ሊደረግ የሚችለው ነገር ከአቅም በላይ አይደለም። ኦርቶዶክሱ የሊቃውንት ጉባኤ አለው። ወንጌላውያኑ በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት ያገኘ ካውንስል አላቸው። ሁለቱም፣ ካቶሊኩም ጭምር፣ በየፊናቸው አንድ የታተመ መዝገብ ማውጣት ይችላሉ፦ የትኛው ትምህርት ቤት ምን ያስተምራል፣ ስንት ዓመት፣ በማን መምህርነት፣ በማን ተመዝኖ። በስሙ ፊት «ዶክተር» ብሎ የሚሰብክ አገልጋይም የት እንደተማረና ምን እንደጻፈ ለአጥቢያው ሽማግሌዎች እንዲያሳይ ይደረግ፤ ደብቆ የሚይዘው ምክንያት የለውም። ኮሌጆቹ ደግሞ ማንኛውም የማስተርስ ተማሪ ከመመረቁ በፊት የጥናቱን ፍሬ ነገር በጥቂት ገጽ አማርኛ ወይም ጥናቱ በሚመለከተው ሕዝብ ቋንቋ ጽፎ እንዲያስረክብ ቢያስገድዱ፣ የሚያስወጣው ወጪ የወረቀት ዋጋ ብቻ ነው። ከፈታኞቹ አንዱ ወንበር ዘርግተው የሚያስተምሩ የመጻሕፍት መምህር የሚሆኑበት የመመረቂያ ጽሑፍ ክርክር ደግሞ ለመጀመር ፈቃድ እንጂ አዲስ ሕግ አያስፈልገውም፤ ለመምህሩ የአውቶቡስ ትኬትና ማደሪያ፣ ለተማሪው ደግሞ «ከማን ተማርህ?» ተብሎ ለመጠየቅ የሚበቃ ድፍረት ይበቃዋል።