ክስ የማቅረብ መብትን የሚያስቀር ውል፦ የዶት አፍሪካ ክርክር

የኢንተርኔት ስሞችን ሥርዓት የሚያስተባብረው አይካን የመንግሥት መሥሪያ ቤት አይደለም፤ በካሊፎርኒያ ሕግ የተቋቋመ፣ ለትርፍ የማይሠራ ድርጅት ነው። በስም መዝጋቢዎችና በዶሜይን አስተዳዳሪዎች ላይ ያለው ሥልጣን የሚመነጨው ከአዋጅ ሳይሆን ከውል ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ሬጂስተርፍላይ የተባለውን መዝጋቢ ያገደውም ውሉን በማቋረጥ ነበር። ውሉን ያረቀቀው ራሱ ተቆጣጣሪው ሲሆን፣ ተበደልሁ የሚል ወገን ወዴት አቤት ይላል? ጥያቄው ጎልቶ የወጣው አዲስ አበባን በሚነካ ጉዳይ ነው።

በኢትዮጵያ ተወላጇ ሶፊያ በቀለ የተመሠረተው ዶትኮኔክትአፍሪካ ትረስት እ.ኤ.አ. በ2012፣ 185,000 የአሜሪካ ዶላር ከፍሎ «ዶት አፍሪካ» የተሰኘውን ዶሜይን ለማስተዳደር አመለከተ። ስሙ የአህጉር ስም በመሆኑ ቢያንስ የ60 በመቶ የአህጉሩን መንግሥታት ድጋፍ ይጠይቃል። ትረስቱ ከተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ2008፣ ከአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን ደግሞ በ2009 የድጋፍ ደብዳቤ አግኝቶ ነበር። የኅብረቱ ኮሚሽን ግን በ2010 ድጋፉን አነሣ፤ ኋላም ተፎካካሪ የሆነውን የደቡብ አፍሪካ ድርጅት ዜድኤ ሴንትራል ሬጂስትሪን ደገፈ። የአይካን ቦርድ በ2013 የመንግሥታት አማካሪ ኮሚቴውን ተቃውሞ ተቀብሎ የትረስቱን ማመልከቻ አስቆመ።

የማመልከቻው መመሪያ አመልካቹ አይካንን በፍርድ ቤት ላለመክሰስ የሚስማማበት አንቀጽ ነበረው። የቀረው መንገድ በአይካን መተዳደሪያ ደንብ የተደነገገው ገለልተኛ የክለሳ ሂደት ብቻ ነበር። አይካን የክለሳው ውሳኔ ምክር እንጂ አስገዳጅ አይደለም ሲል ተከራከረ። ትረስቱ በበኩሉ፣ የመክሰስ መብቱን በውል ስለተወ ይህም ሂደት አስገዳጅ ካልሆነ ጭርሱን ዳኝነት የሚያገኝበት ቦታ እንደማይኖር አስረዳ። ጉባኤው በ2014 ይህን ተቀበለ፤ ጁላይ 9 ቀን 2015 ደግሞ የቦርዱ አካሄድ ከራሱ ደንብ ጋር እንደማይጣጣም ወሰነ።

ድሉ ግን የሥነ ሥርዓት ድል ነበር። ማመልከቻው እንደገና ተመርምሮ፣ በቂ የመንግሥታት ድጋፍ የለውም ተብሎ በ2016 ተዘጋ። (የኢኮኖሚ ኮሚሽኑም በ2015 የመንግሥት አካል ባለመሆኑ እንዲህ ያለ ድጋፍ ለመስጠት ብቁ አለመሆኑን ገልጾ ነበር።) ትረስቱ በካሊፎርኒያ ክስ መሠረተ። የፌዴራሉ ፍርድ ቤት በውሉ አንቀጽ ተፈጻሚነት ላይ ብርቱ ጥያቄ እንዳለ በማመን በኤፕሪል 2016 ጊዜያዊ እግድ ሰጠ። ጉዳዩ ወደ ክፍለ ግዛቱ ፍርድ ቤት ከተመለሰ በኋላ ግን የእግድ ጥያቄው ውድቅ ሆነ፤ ዶሜይኑም በፌብሩዋሪ 2017 ለተፎካካሪው ተሰጠ። በ2019 ፍርድ ቤቱ ክሱን የዘጋው በአንቀጹ ሳይሆን በትረስቱ የቀድሞ ቃል ነው፦ በአንድ መድረክ «መክሰስ አልችልም» ብሎ የተጠቀመ ተከራካሪ በሌላ መድረክ ከሳሽ ሆኖ ሊቀርብ አይችልም። ይግባኝ ሰሚው በ2021 አጸናው። መርሁ የሚነቀፍ ባይሆንም፣ ውጤቱ አንቀጹን ያረቀቀው ወገን ስለ አንቀጹ ሕጋዊነት የመጨረሻ መልስ ሳይሰጥ እንዲያልፍ አድርጎታል።

በኢትዮጵያ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 በፍርድ ሊወሰን የሚገባን ጉዳይ ለፍርድ ቤት የማቅረብ መብትን ያረጋግጣል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎትም በመዝገብ ቁጥር 42239፣ የግልግል ውሳኔ የመጨረሻ ነው የሚል ስምምነት መሠረታዊ የሕግ ስሕተትን ከማረም እንደማያግደው ወስኖ ነበር። የግልግል ዳኝነት አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ግን የሰበር አቤቱታን የሚፈቅደው ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ ነው። ስለዚህ ከዶት ኢቲ አስተዳዳሪው ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር የሚፈራረም መዝጋቢ በውሉ የግልግል አንቀጽ ውስጥ «ለሰበር አይቀርብም» የሚል ሐረግ ቢያገኝ፣ ቀድሞ ሰበር ያርመው የነበረው ስሕተት በራሱ ፊርማ ሊዘጋበት ይችላል።